ዋቱን ተወው፤ ኦሙን አይተሃል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ያለፈ ዓመት ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። «ባለ 140 ዋት የሆም ቴአትር ሪሲቨር ገዛሁ፤ ስፒከሮቼ 80 ዋት ናቸው፤ ያቃጥላቸዋል ወይ? ሌላ ጥንድም ስላለኝ አራቱንም ባገናኝስ?» ብለሃል። ያውም እዚሁ ሐዋሳ ሆነህ። (ሪሲቨር ሲባል የዲሽ ሪሲቨር መስሏችሁ መልስ የሰጣችሁ፣ እሱን አይደለም የጠየቀው፤ ውስጡ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ያለውንና የቤቱን ስፒከሮች የሚያሠራውን ነው።)

1. 140 ዋት ስለሆነ ብቻ ስፒከርህን አያቃጥለውም። ሳሎን ተቀምጠህ ዜና ስትሰማ ስፒከሩ የሚወስደው አንድ ዋት እንኳ ላይሞላ ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትዊተርን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) የሚበላው አቅሙ ያለቀበት ትንሽ አምፕሊፋየር ነው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ስትጨምርበት የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ትዊተሩን ያግለዋል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር እጅህን መልስ፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ከ80 ዋት ወደ 160 ብትወጣም የምታገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ብቻ ነው። በአንድ ዋት 87 ዴሲቤል የሚሰጥን ስፒከር 90 በሚሰጥ ብትቀይረው ያንኑ ጭማሪ ዋት ሳትጨምር ታገኘዋለህ።

2. ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመን። የእኔም 140 ይል ነበር። ከሥሩ ግን በጉንዳን ፊደል «አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ፣ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ፣ በ10 በመቶ መዛባት» የሚል ነበረበት። አምስቱም ቻናል (የየስፒከሩ መስመር ማለት ነው) በንጹሕ ድምፅ ሲሠራ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጥህ። ፒኤምፒኦ (PMPO፣ ለማስታወቂያ የተጋነነ የዋት ቁጥር) የሚል ካየህማ ጭራሽ አትቁጠረው።

3. ኦም። ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት ልክ ነው፤ ኦሙ ሲያንስ ከአምፕሊፋየሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይበዛል። ቁጥር መስጠቱን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ገንዘቤ የሄደው እዚህ ላይ ነውና።

የእኔ ሪሲቨር ጀርባው ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ይላል። ስፒከሮቼ ባለ 6 ኦም ነበሩ፤ እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ቤቱ የባሰ እንዲደምቅ ብዬ ሁለተኛ ጥንድ ገዛሁና ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጋር ጠምዝዤ በዚያው በፊተኛው መሰኪያ አስገባሁት። ሻጩን ሳልጠይቅ አልቀረሁም። «ዋቱ ከበቃ ሌላው አያሳስብህ» አለኝ። ሁለት ባለ 6 ኦም ስፒከሮች እንዲህ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 3 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ያልተሠራበትን ያህል ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ይገደዳል። ድምፁ ግን፣ አልዋሽህም፣ ደስ ይል ነበር።

የፋሲካ ማግስት የባለቤቴ ወንድሞች ከይርጋለም መጡ። እኔም ልኮራባቸው ፊልም ከፈትኩ። ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጭ አለና ድምፁ ጠፋ። ክዳኑን ብነካው ምጣድ ሆኗል። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ሠራ፤ ደግሞ ጠፋ። ዛሬ ሳስበው የመጠበቂያው ሪሌይ (አደጋ ሲመጣ ስፒከሩን በራሱ የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ነበር፤ «አንዱን ጥንድ ንቀል» እያለኝ ነበር። እኔ ግን ተሸክሜው መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩ። ከፍቶ አየና «የሚያስቸግርህ ሪሌዩ ነው» ብሎ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ አለፈው። 600 ብር ከፈልኩት፤ አመሰገንኩትም። «ከእንግዲህ አይጠፋብህም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልጠፋም።

በሦስተኛው ሳምንት የመውጫው ትራንዚስተር ተቃጠለ። ያን ጊዜ ውስጡ ያለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ሪሌይ የሚገባለት ያንን እንዲቆርጥ ነው፤ የእኔ ግን በሽቦ ታልፏል። የግራው ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ወደ ፊት ተገፍቶ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ጭስ። ሮጬ ሶኬቱን እስክነቅል የውስጡ ጥቅል ሽቦ ከስሏል። አብረው የታሰሩ ስለነበሩ ሁለቱም የግራ ዎፈሮች አብረው ሄዱ።

ሪሲቨሩ ዋስትናው አራት ወር ይቀረው ስለነበር ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ማኅተሙ ተነሥቷል» አለኝ። ተነሥቷል፤ አልካድኩም። ግን ኦሙን ሳይጠይቀኝ አራቱንም አገናኝ ያለኝ ማን ነበር? «ነገ ና» እያለ አራት ቀን አመላለሰኝ። በአምስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፤ ቃል ለማውጣት እንኳ አልደከመም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። መመሪያውን ያነበብኩት ከተቃጠለ በኋላ ነው። ለካ ሪሲቨሩ ጀርባው ላይ ለኋላ ስፒከሮች የተሰጡ፣ የየራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸው መሰኪያዎች ነበሩት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ባዶአቸውን። ሙዚቃው በአራቱም እንዲወጣ የሚያደርግ ቁልፍ ደግሞ ሪሞቱ ላይ አለ። አንድ ቁልፍ!

አሁን እንግዲህ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ሰፈሬ ሆም ቴአትር የገዛ ሰው እኔን ሳይጠራ አያገናኝም። ቴስተሬን ይዤ ነው የምሄደው። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ወደ 6 ገደማ፣ ባለ 4 ኦሙ ከ3 ትንሽ ከፍ ብሎ ያሳያል፤ ጽሑፉ የጠፋ ስፒከር በዚህ ይታወቃል። ባለፈው አንድ ጎረቤቴ «ወፍራሙ ድምፅ ጠፋብኝ» ብሎ ጠራኝ፤ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ስለዚህ አንተ ሁለቱን ፊት፣ ሁለቱን በኋላው መሰኪያ አድርግ፤ አንድ መሰኪያ ላይ ሁለት ስፒከር አትሰር። ስፒከሮችህ ትንንሽ ከሆኑና ሰብዎፈር ካለህ፣ በማስተካከያው ውስጥ «ትንሽ» በላቸውና መለያውን (ክሮስኦቨር የሚለውን) 80 ኸርዝ ላይ አድርገው፤ ከባዱን ድምፅ ሰብዎፈሩ ይሸከምላቸዋል። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሶኬት ከመሰካትህ በፊት ቮልቱን እይ፤ የእነርሱ 120፣ የእኛ 220 ነው። ሪሌዩን በሽቦ ልለፈው የሚልህ ጠጋኝ ካጋጠመህ ዕቃህን አንሥተህ ውጣ።

የሪሲቨሩን ጀርባና የአራቱን ስፒከሮች ጀርባ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፤ ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ። እስከዚያ ግን ሁለቱን ብቻ አገናኝ።