ቡሬ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። «ብር ያለበት ከተማ ነው፣ ለእንግዳ ግን ይከብዳል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩ እውነት ነው። ግን በልብስ አትፈልጊው። በ2013 ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቆበታል፤ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለው። የድሮው ብር ግን በርበሬውና በቆሎው ላይ ነው። በርበሬው በደረሰ ሰሞን ገበያ ብትወጪ ጆንያ ሲራገፍ አቧራው ከሩቅ ያስነጥስሻል፣ አሮጌ ጋቢ የደረበው ገበሬ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚቆጥረው ብር ደሞዝሽን ሊያስንቅሽ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ከተማ ነው፣ ኪራይ ርካሽ ነው ብለሽ አትሂጂ። ቤቱን ሳታዪ ቀብድ እንዳትከፍዪ!

የሚከብደው ሌላ ነው። ምን እንደገዛሽ፣ ስንት ሰዓት እንደገባሽ ሰፈሩ ያውቃል። ይሄን እኔም አልወደውም፣ በተለይ ብቻዋን ለምትኖር ሴት። ግን ያው ሰፈር ስትታመሚ አጥሚት ይዞ ይመጣል። ቡና ሲጠሩሽ ሂጂ፣ እድር ቶሎ ግቢ፣ ከለቅሶ አትቅሪ። ምንም ብር ቢኖረው ለቅሶ የማይደርስ ሰው እዚያ አይከበርም።

ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ።