«ለምርምር ፈርሙ» የተባልንበት ወረቀት

ጥያቄ፦ የምንኖረው መሐል ሜዳ ነው። አዲስ አበባ በአይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ በሚዋሐዱበት) ሕክምና ልጅ ወለድን፤ አራት ጽንሶች ክሊኒኩ ውስጥ ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል። አሁን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አምጥተው «ለምርምር እንዲውሉ ፈርሙ» ይሉናል። ባለቤቴ እንፈርም ይላል። የንስሐ አባቴ ግን ነፍስ አላቸው አሉኝ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ወረቀቱ በአማርኛ ተተርጉሞ እስኪሰጥዎ ድረስ እስክሪብቶ አያንሱ።

የንስሐ አባትዎ ያሉት የእምነት ጉዳይ ነውና አልገባበትም። በሕግ ግን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተቀመጠ ጽንስ ሰው አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1 የሰውን መብት የሚጀምረው ከመወለድ ነው። ቁጥር 2 የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ ይህም በሕይወት ከተወለደና መኖር የሚችል ከሆነ ነው። ሕጉ በ1952 ሲወጣ የዓለም የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ ለመወለድ ገና 18 ዓመት ይቀራት ነበር። ስለዚህ ከዚህ ሕግ ይልቅ የሚጠብቃችሁ ያ ወረቀት ነው።

ጽንሱ ከሁለታችሁ ስለሆነ የባለቤትዎ ፊርማ ብቻውን ሊበቃ አይገባም። ወረቀቱ ላይ የምርምሩ ዓላማ፣ ምርምሩን የሚፈቅደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቃድ ቁጥርና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን፣ ናሙናው ውጭ አገር ይላክ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ባትፈርሙ ሕክምናችሁ እንደማይነካም እንዲሁ።

ብዙዎች የሚያልፉት የቀኑን ቁጥር ነው። እንግሊዝ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ጽንስ ላብራቶሪ ውስጥ ከ14 ቀን በላይ እንዲያድግ አይደረግም (ቀዝቅዞ የተቀመጠበት ጊዜ አይቆጠርም)፤ በዚያ ሰሞን የአካሉ የመጀመሪያ መስመር ይታያል፣ ከዚያም ወደ መንታ አይከፈልም። ዓለም አቀፉ የግንድ ሕዋስ (ወደ ሌሎች የአካል ሕዋሳት ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ምርምር ማኅበር ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን ገደብ ከፍጹም ክልከላዎቹ ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ «በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት» የሚል ሐረግ አይበቃም፤ «ከ14 ቀን አይበልጥም» ተብሎ በቁጥር ይስፈር።

ፈርማችሁ ብትጸጸቱስ? ቁጥር 19 አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን መሻር ይችላል ይላል፤ ተቀባዩ በዚያ ቃል ምክንያት ያወጣውን ወጪ ሊጠይቅ ቢችልም። ጽንስን በስም አይጠራም፤ ክርክር ቢነሳ ግን የምይዘው እሱን ነው። መሻሪያውን በጽሑፍ በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን «ደርሶናል» አስብላችሁ ማኅተም አስመቱበት። ከጽንሱ የግንድ ሕዋስ ከወጣና ለሌሎች ከተከፋፈለ በኋላ ግን መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ለምርምር ሳትሰጡ ለሌላ ልጅ ብታቆዩትም አንድ ነገር እወቁ። በቁጥር 3 ልጅ የተፀነሰው ከመወለዱ በፊት ባለው 300ኛ ቀን እንደሆነ ይቆጠራል፤ ተቃራኒ ማስረጃ አይቀርብበትም። ባለቤትዎ ቢሞቱና ጽንሱ ከዓመት በኋላ ማሕፀን ቢገባ፣ የሚወለደው ልጅ ውርስ ሲከፈት፣ ማለትም ባለቤትዎ በሞቱበት ጊዜ፣ እንዳልተፀነሰ ይቆጠራል። ለእሱ ያሰቡት ንብረት ካለ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ጠበቃ ያማክሩበት።