ያረጀ ብረት ለበስ በምን ይተካ? ሻምበልን ጠይቁት

ሻምበል፦ እሺ ጀምሩ። ወታደር የሚጭን ብረት ለበስ፣ ኤም 113ም ይሁን ቢኤምፒ ወይ ብራድሌይ፣ ሲያረጅ በምን እንተካው ነው ጉዳዩ። ዝም ብላችሁ "የቱ ይሻላል" አትበሉኝ፣ መሬቱንና ድልድዩን ንገሩኝ።

ናቲ፦ ከሚሸጡት ብረት ለበሶች ሊንክስ ይሻላል ሲቪ 90?

ሻምበል፦ አሁን ምን አልኩ? ቀጣይ።

ሄኖክ፦ ሻምበል ሁሌ ክብደት ክብደት ይላሉ፣ ወታደሩ ከሚሞት ብረቱ ቢወፍር ምን አለበት?

ሻምበል፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ኤም 113 12 ቶን አካባቢ ነው፣ አውስትራሊያ በ2023 በሱ ቦታ የመረጠችው ሬድባክ ግን 40 ቶን ያልፋል። ስለዚህ መኪናውን ብቻ አይደለም የምትቀይረው፣ ድልድዩም የሚጭነው ሎቤድም ከጭቃ የሚያወጣው ጎታችም ነዳጁም አብሮ ይቀየራል፣ ይሄን ደግሞ ሻጩ አይነግርህም። አሜሪካኖቹ ኤፍሲኤስ የተባለውን የአዳዲስ ብረት ለበሶች ፕሮጀክት በሲ-130 የጭነት አውሮፕላን እንዲጫን አቅልለን እንስራው ብለው ጀመሩና 2009 ላይ ሰረዙት፣ ቀጥሎ ጂሲቪ የተባለውን ሌላ አዲስ ብረት ለበስ ከባድ እናድርገው አሉ፣ ግምቱ ከ60 ቶን በላይ ሄደና 2014 ላይ እሱም ቀረ። ደግሞ የዛሬውን ክብደት ብቻ አትዩ! ብራድሌይ በ1981 ሲገባ ውሃ ይዋኝ ነበር፣ ብረት ሲጨመርበት መዋኘቱ ቀረ። ነገ ፀረ ድሮን ምናምን ይለጠፍበታል፣ ሞተሩና ሰስፔንሽኑ ትርፍ አቅም ከሌለው አለቀለት። ከድልድዩ ጀምሩ።

ሩት፦ መድፉስ፣ 30 ሚሊሜትር ወይስ 40?

ሻምበል፦ ጥይቱን ሳይቋረጥ የሚያቀርብላችሁን ያዙ።

ዳዊት፦ ለኔ ጎማ ነው፣ ባለ ጎማው ብረት ለበስ ቦክሰር አስፋልት ላይ በራሱ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ሎቤድ አይፈልግም

ኪሩ፦ አስፋልቱ ሲያልቅስ? ጭቃ ላይ ሰንሰለት የሚያክል የለም

ዳዊት፦ ሰንሰለት ሲበጠስ ማን ይቀጥለዋል፣ አንተ?

ኪሩ፦ ጎማም በፍንጣሪ ይቀደዳል እኮ

ሻምበል፦ በቃ! ሁለታችሁም የቱ መሬት ላይ እንደሆነ አልተናገራችሁም።

ሰላም፦ ስንት ሰው መጫን አለበት?

ሻምበል፦ ጎበዝ፣ ይሄን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጀርመኑ ብረት ለበስ ፑማ ከኋላ 6 ወታደር ነው የሚይዘው። ቡድንህ 9 ከሆነ 3ቱ ሌላ መኪና ውስጥ ይገባሉ፣ ተኩስ ውስጥ ሲወርዱ መሪያቸውን መፈለግ ሊጀምሩ ነው። ወይ ቡድኑን አሳንስ ወይ ሰፊ ግዛ፣ ሳትወስን ግን አትፈርም።

ናቲ፦ እሺ ለሜዳማ መሬት ሊንክስ ወይስ ሲቪ 90?

ሻምበል፦ ድልድዩስ ናቲ? ስንት ቶን ይሸከማል?

ቢኒ፦ አዲስ ዲዛይን አስቀድሞ ማዘዝ ጥሩ ነው? ዋጋው ይቀንሳል ይላሉ

ሻምበል፦ ሳትሞክር ብዙ አትዘዝ። እንግሊዞች ኤጃክስ የተባለ አዲስ ብረት ለበስ 589 አዘዙ፣ ከዚያ በጩኸቱና በንዝረቱ ሙከራው ቆመ፣ ወታደሮቹ ጆሯቸውን ተመረመሩ። ጀርመኖች በ2022 መጨረሻ ልምምድ ላይ 18 ፑማ አሰልፈው 18ቱም ተበላሹ። ጥቂት ግዛ፣ ለራስህ ወታደር ስጠው፣ በራስህ ጭቃ ይንዳው፣ መካኒክህ ይፍታው፣ ከዛ ቀሪውን ፈርም።

ሩት፦ አሮጌውን ማደስስ?

ሻምበል፦ ቀፎው ካልዛገና መለዋወጫው ገና የሚመረት ከሆነ ያዋጣል። እንግሊዞች ዋሪየር የተባለ አሮጌ ብረት ለበሳቸውን ሊያድሱ 2011 ላይ ተዋውለው 2021 ላይ ሰረዙት፣ ስለዚህ ማደስም ቀነ ገደብ ይኑረው።