ክለብ ለቀው ራሳቸውን ለሚያሠለጥኑ፦ ከድሬዳዋ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ለክለብ ኳስ እጫወት ነበር፤ ካቆምኩ 6 ዓመት ሆነኝ። አሠልጣኝ የለኝም፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የክለቡን ፕሮግራም ለጊዜው ተወው። ትንፋሽህ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል፤ ጅማት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። የቀድሞ ስፖርተኛ የሚጎዳው እዚህ መሀል ነው፤ ትንፋሹ ሲከፈትለት ፍጥነት ይጨምርና የተረከዝ ጅማቱ ወይም የኋላ ጭኑ ይያዛል።

በሳምንት 3 ቀን ጀምር። 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቀጥሎ 2 ደቂቃ ሶምሶማና 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቅህ 6 ጊዜ። በየሳምንቱ ሶምሶማውን በ1 ደቂቃ አስረዝም፤ ጠቅላላው ግን ከ35 ደቂቃ አይለፍ። እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው።

በሌሎቹ 2 ቀናት ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ 3 ዙር ሥራ፤ ገና 2 ወይም 3 መድገም እየቻልክ አቁም። ይህቺን ደግሞ አትዝለላት፦ የደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶችህ ቆመህ ተረከዝህን በ3 ሰከንድ ወደ ላይ፣ በ3 ሰከንድ ወደ ታች፤ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር። ብዙ ሰው ሲወርድ ይቸኩላል፤ ጅማቱን የሚያጠነክረው ግን ቀስ ብሎ መውረዱ ነው። የሙሉ ፍጥነት ሩጫና ድንገተኛ መታጠፍ ከ2 ወር በኋላ ይምጣ።

ደረትህን የሚያምህ ወይም ደም ግፊት ያለብህ ከሆነ አስቀድመህ ሐኪም አማክር።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስሮጥ ልቤ በጣም ይመታል። አቅሜ ወርዶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይበልጡን ሙቀቱ ነው። ሰውነትሽ ለመቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ልብ ተጨማሪ ሥራ ይገጥመዋል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጪ። በሙቀት መሥራት ግድ ከሆነ ሰውነት ለመልመድ እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ደቂቃውን በግማሽ ቀንሺ። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኚ፤ 1 ኪሎ ከቀነስሽ 1 ሊትር ገደማ ላብ ወጥቷል፤ ቀስ በቀስ 1 ሊትር ተኩል ጠጪ፣ ጨው ያለበት ምግብም ብዪ። ራስ ካዞረሽ ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ ወዲያው አቁመሽ ጥላ ሥር ግቢ።

ሐረር ስትወጪም ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ከፍታው ከድሬ በብዙ መቶ ሜትር ስለሚበልጥ ትንፋሽ ያጥራል።

ጥያቄ፦ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብሮጥስ?

መልስ፦ አሸዋ ለጉልበት ይለሰልሳል፤ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ግን ያደክማል። በ5 ደቂቃ ጀምር። በክረምት ግን ፈጽሞ አትግባ፤ ከተማው ላይ ሳይዘንብ ከደጋው ጎርፍ ይወርዳል። የ1998ቱን ጉዳት ድሬ አልረሳችም።

ጥያቄ፦ በርጫ ባለበት ቀን ልሥራ?

መልስ፦ ከቃምክ በኋላ አይሆንም። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ድካምህንም ስለሚደብቅብህ መጠንህን አታውቅም። የምግብ ፍላጎትህንና እንቅልፍህን ይወስዳል፤ ጡንቻ የሚጠገነው ደግሞ በእነሱ ነው። ከባዱን ሥራ ጠዋት ጨርስ፤ ሳትተኛ ካነጋህ እርምጃ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ በ3ኛው ሳምንት እተወዋለሁ።

መልስ፦ ፕሮግራሙ ስለከበደ ነው። ደብተር ላይ የሠራኸውን ደቂቃ፣ ከ10 የሰጠኸውን የድካም ነጥብና ከአልጋ ሳትነሳ የቆጠርከውን የልብ ምት ጻፍ። የጠዋቱ ምት 2 ቀን ተከታትሎ ከለመድከው በ8 ገደማ ከበለጠ ቀለል አድርግ። በየ4ኛው ሳምንት ሥራውን በሲሶ ቀንስ። ያመለጠህን ቀን ለማካካስ ደርበህ አትሥራ፤ በቀጣዩ ቀን ካቆምክበት ቀጥል።