መልስ፦ የሰውን ሐዘን መጻፍ ነውር ነው ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡና የሚያፈሉ እናት፣ ልጃቸው ጦር ሜዳ ቀርቶባቸው፣ ያጫወቱህን አጭር ልቦለድ ላድርገው ወይስ ነውር ነው ብለሃል።

መጻፉ ነውር አይደለም። ካልተጻፈ ጦርነት የመግለጫና የቁጥር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ነገሩ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያ የአገሩን ጦርነት በ82 የሕትመት ሥዕሎች ቀርጿል። አንደኛው ሥር «አየሁት»፣ ሌላኛው ሥር «ሊያዩት አይቻልም» ይላል። በዚህኛው ሥዕል ላይ ተኳሾቹ የሉም። ከዳር በኩል ሳንጃ የተሰካበት አፈሙዝ ብቻ ብቅ ብሏል። ዓይንህ የሚያርፈው የተንበረከኩት ሰዎች ላይ ነው። ደም ሳይረጭ ያስደነግጣል። ሥራዎቹ የታተሙት በ1863 እ.ኤ.አ.፣ እሱ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናትየው የነገሩህ ለጨዋታ ነው ወይስ እንድትጽፈው? ቡና ላይ የተወራ ነገር ፈቃድ አይደለም። ሄደህ ጠይቃቸው። እምቢ ካሉ በቃ፣ ተወው። ስም እቀይራለሁ ማለት አያዋጣም፤ ሰፈርተኛው ከሁለት መስመር በኋላ ማን እንደሆኑ ያውቃል።

እሺ ካሉ ደግሞ ለማስለቀስ ብለህ ቁስል አትደርድር (ይሄ የብዙዎቻችን በሽታ ነው)። ልጁ ምን እንደሚያስቀው፣ ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሚያደርግ ጠይቅ። ረቂቁን ከማንም በፊት ለእሳቸው አንብብላቸው፤ ኦሮምኛ የሚቀናቸው ከሆነ በኦሮምኛ።