እድራችን «የአጋርነት ስምምነት» ላይ ይፈርም?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ነው የምኖረው። የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ነኝ። የአካባቢያችን ምክር ቤት ‹የማኅበረሰብ አጋርነት ስትራቴጂ› አጽድቋል ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍና የጎርፍ ቦይ ሲሠራ ግማሹን ወጪ ነዋሪው ይሸፍናል አሉን። እድሩም የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ከካዝናው እንዲያዋጣ ተጠየቀ። አባላት ለሁለት ተከፍለዋል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ‹መጀመሪያ የመዋጮ ደረሰኝ አምጪ› ተብላ ተመልሳለች። ስትራቴጂው ያስገድደናል? እኔስ ልፈርም?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ወረቀቶች አሉ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው፣ እርስዎ እንዲፈርሙ የቀረበልዎት እና ጎረቤትዎ የተጠየቀችው ደረሰኝ። ስብሰባው ላይ ሦስቱም እንደ አንድ ነገር የተነገሩ ይመስለኛል። በሕግ ፊት ግን ለየብቻቸው ነው የሚታዩት።

ስትራቴጂ ዕቅድ ነው። ምክር ቤቱ «ከሕዝቡ ጋር እንዲህ አድርጌ እሠራለሁ» ብሎ ራሱንና በሥሩ ያሉትን ጽሕፈት ቤቶች የሚያዝበት ሰነድ ነው። እርስዎንና ጎረቤቶችዎን ገንዘብ ክፈሉ ብሎ ለማስገደድ ግን አቅም የለውም። ነዋሪ ላይ ግዴታ የሚጥለው አዋጅ ወይም በአዋጅ ሥልጣን ተሰጥቶት የወጣ ደንብና መመሪያ ነው። የአማራ ክልል አዋጆች «ዝክረ ሕግ» በሚባለው ጋዜጣ ታትመው ይወጣሉ። ስለዚህ «ግዴታ ነው» የሚል ሰው ሲገጥምዎት ሳይቆጡ «የትኛው አዋጅ ወይም ደንብ ነው? ቁጥሩን ይጻፉልኝ» ይበሉት። ቁጥር ካመጣ እናነበዋለን። ካላመጣ መዋጮው የፈቃድ ነው።

ይህን ስል ስትራቴጂውን ለማጣጣል አይደለም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በታችኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። አንቀጽ 43(2) ደግሞ አካባቢያችሁን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። ልብ ይበሉ፣ መብቱ የመጠየቅ ነው። ከጸደቀ በኋላ ተጠርቶ ማጨብጨብ ምክክር አይባልም። በስብሰባው ሐሳብ ተጠይቃችሁ ነበር ወይስ ውሳኔ ብቻ ነው የተነበበላችሁ? ቃለ ጉባኤውን ይመልከቱ፤ ከሌለም እድሩ የራሱን ይያዝ።

ሕግ የሚከታተል አንባቢ «የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ስ?» ሊለኝ ይችላል። ያ አዋጅ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡና ውሳኔ ሲሰጡ የሚከተሉትን ሥርዓት የሚደነግግ ነው፤ የሚገዛው ግን የፌዴራል አስፈጻሚ ተቋማትን፣ ከከተሞች ደግሞ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። ጎንደር ላይ በቀጥታ አይሠራም። ብዙ ሰው እሱን ይዞ መጥቶ እጁን አንጠልጥሎ ይመለሳል።

ዋናው ጉዳይ የእርስዎ ፊርማ ነው። ሰነዱ «መግባቢያ» ስለተባለ ብቻ ዝም ብሎ ወረቀት ነው ብለው እንዳይዘናጉ። ፍርድ ቤት የሚያየው ርዕሱን ሳይሆን ውስጡን ነው። «እድሩ በመጋቢት ወር ይህን ያህል ብር ገቢ ያደርጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት ውል ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 መሠረት ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው። «ይተጋገዛሉ፣ ይመካከራሉ» ብቻ የሚል ከሆነ የመልካም ፈቃድ መግለጫ ነው። እና ርዕሱን ዘለው ቁጥሩን፣ ቀኑንና «ይከፍላል» የሚለውን ቃል ይፈልጉ።

ሌላም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1724 የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ (ውል በሕግ በሚያረጋግጥ ሹም) ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል ይላል። በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የሚገባ ሰነድ ቢሮውን «ግማሽህን ክፈል» ለማለት አይረዳችሁም። የእናንተ ገንዘብ ገብቶ የእነሱ ግማሽ ቢቀር በምን ትይዟቸዋላችሁ? እኔን የሚያሳስበኝ መፈረሙ ሳይሆን በአንድ በኩል ብቻ የሚያስር ሰነድ መፈረሙ ነው።

የካዝናው ገንዘብም የእርስዎ አይደለም። አባላት በየወሩ ያዋጡት ለቀብር፣ ለድንኳን፣ ለለቅሶ ቤት ነው። መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና የዓላማውን አንቀጽ አንብቡ። «ለልማት» የሚል ከሌለበት ከጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ በፊት አንድ ብር አይነካም። ጉባኤ ጠርታችሁ፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ፣ አጀንዳው ቀድሞ ተነግሮ ከተወሰነ ግን ማንም ሊከለክላችሁ አይችልም። ከካዝናው ከማውጣት ለመንገዱ የተለየ መዝገብ ከፍቶ ፈቃደኛው እንዲያዋጣ ማድረግ ጠብ ይቀንሳል ባይ ነኝ። አምስት ሰው ሞቶ ካዝናው ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሚሰደበው ቀበሌው አይደለም፤ ሰብሳቢው ነው።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስ። መታወቂያ ማደስ በወጣ ደንብ የተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ ይኖረዋል፤ እሱን ትክፈል። የመንገድ መዋጮ ደረሰኝ ግን ከመታወቂያ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። የከለከላትን ሰው «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠኝ» ትበለው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ በቃል ደፋር የሆነ ሰው በፊርማ ሲሆን ይለዝባል። እምቢ ካለ ቀኑን፣ የመስኮቱን ቁጥርና የተባለችውን ጽፋ ለቅሬታ ሰሚው ክፍል ታስገባ፣ በቅጂው ላይም ማኅተም ታስመታ። ከዚያ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣ ካልሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል።

ስትራቴጂውንስ አይተውታል? በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ማየት አይቆጠርም። ሙሉውን ቅጂ ከነበጀት ሠንጠረዡ በጽሑፍ ይጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መልሱም በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። «ለምን ፈለግከው?» ቢሉዎት ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። ሲደርስዎት ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የመንግሥት ድርሻ በዘንድሮው በጀት ተይዟል ወይ፣ ሥራው ሲጓተት ገንዘቡ የት ይቀመጣል። ሁለተኛው መልስ ካላገኘ በእድሩና በጽሕፈት ቤቱ ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት በሉ። የሚከፈለውም ተከታታይ ቁጥር ባለው ሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን። ደብተር ላይ ስም ጽፎ ብር የሚሰበስብን ሰው አይቀበሉ።

መንገዱ ሲሰፋ የአንድ ሰው አጥር ወይም ቦታ ይነካል ከተባለ ያ የመዋጮ ጉዳይ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ማስለቀቅ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ ሲሆን ማስታወቂያና ካሳ አለው። «ለልማት ስትል ተወው» ተብሎ በእድር ፊርማ አይዘጋም።

ምናልባት ይህን ሲያነቡ ፈርመው ከሆነ አይደንግጡ። ከሥልጣንዎ በላይ የፈረሙትን ጉባኤው ሊያጸድቀው ወይም ሊጥለው ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2190 ይህን ምርጫ ለወካዩ ይሰጣል። እዚህ ወካዩ እድሩ ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ጉባኤ ይጥሩ፣ ውሳኔውን በደብዳቤ ለቀበሌው ያሳውቁ፣ የቀበሌው መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር የጻፈበትን የደብዳቤውን ቅጂም በእድሩ ፋይል ያስቀምጡ። ዝም ካላችሁ ነገሩ በኋላ ለክርክር ሊዳርጋችሁ ይችላል።