መጀመሪያ 14ቱን ሰዓት ቁጠር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ አሜሪካ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣህ ሦስት ወርህ ነው። ሺፐር (ጭነቱን የሚልከው ድርጅት) ጋር ስድስት ሰዓት አስጠበቁህ፣ ከ11ዱ የመንጃ ሰዓት ገና ሦስት ተኩል እያለህ ኢኤልዲው (ሰዓትህን የሚመዘግበው መሣሪያ) ቀይ በራብህ፣ ዲስፓቸርህ (ሎድ የሚመድብልህ ሰው) ደግሞ «ፒሲ አድርገውና ንዳ» አለህ፣ የግል ጉዞ ብለህ መዝግበው ማለቱ ነው። ልክ ነው ወይ ነው ያልከው። እሱ ባለው መንገድ አይሆንም። ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ፣ እኔም በዚሁ ነገር ተቀጥቻለሁና።

ሁላችንም መጀመሪያ የምንይዘው 11ን ነው። ትምህርት ቤት «11 ሰዓት መንዳት ትችላለህ» ይሉናል፣ እሱ ጭንቅላታችን ውስጥ ይቀራል። ቀኑን የሚዘጋብህ ግን 14ቱ ነው። 10 ሰዓት በተከታታይ አርፈህ ኦን ዲዩቲ (ሥራ ላይ) ካልክባት ደቂቃ ጀምሮ 14 ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ጎማ ስታይ ይቆጥራል። ነዳጅ ስትሞላ ይቆጥራል። ምሳ ስትበላ ኦፍ ዲዩቲ (ከሥራ ውጭ) ብትለውም ይቆጥራል። ሲሞላ ከ11ዱ የተረፈህ ለዚያ ቀን አይጠቅምህም። ማራገፍ ትችላለህ፣ ወረቀት መጨረስ ትችላለህ፣ መንዳት ግን የለም።

የአንተን ቀን እንየው፣ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጠዋት 5 ላይ ፕሪ ትሪፕ (ከጉዞ በፊት የትራክ ፍተሻ) ጀመርክ። ከ5፡30 እስከ 9 ነዳህ። ከ9 እስከ ከሰዓት 3 ሺፐሩ ግቢ ውስጥ ነበርክ። ከ3 እስከ ምሽት 7 ደግሞ ነዳህ። ጠቅላላ የነዳኸው ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፣ 7 ላይ ግን 14ቱ አለቀ። ኢኤልዲው አልተሳሳተም።

ያ ቀን የተበላሸው ጠዋት ነው። ስድስቱን ሰዓት በሙሉ ኦን ዲዩቲ ላይ ትተኸዋል። ከስድስቱ አምስቱን፣ በል ከ9፡30 እስከ 2፡30፣ ስሊፐር (ትራኩ ውስጥ ያለው መኝታ) ላይ ተኝተህ እንደዚያው መዝግበኸው ቢሆን ኖሮ ስፕሊት ትጠቀም ነበር። ሕጉ አሥሩን የእረፍት ሰዓት ለሁለት እንድትከፍለው ይፈቅዳል። አንደኛው ክፍል ቢያንስ 7 ተከታታይ ሰዓት ስሊፐር ውስጥ፣ ሌላኛው ቢያንስ 2 ሰዓት ስሊፐር ወይም ኦፍ ዲዩቲ፣ ድምሩ ከ10 የማያንስ። ሁለቱን ካሟላህ አንዳቸውም ከ14ቱ ላይ አይቆጠሩም። እንዲህ ቢሆን 14ቱ የሚያልቅብህ ምሽት 7 ሳይሆን እኩለ ሌሊት ነበር። 3 ላይ ተነስተህ የቀረህን ሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ምሽት 10፡30 ትነዳለህ። ከዚያ 7 ሰዓት ስሊፐር ትገባለህ፣ ጠዋት 5፡30 ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል የመንጃ ሰዓት ይኖርሃል። ሙሉ ሰዓት ከፈለግክ ደግሞ አሥሩንም ተኛ።

እዚህ ጋር ሁለት ነገር ልብ በል። እረፍቱ ተከታታይ መሆን አለበት። አንድ ሰዓት ተኩል ተኝተህ «ዶክ (የመጫኛ በር) ቀይር» ብለው ቢያስነሱህና ትራኩን ብታንቀሳቅስ ተቆረጠ፣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ። ስለዚህ እንደደረስክ ቢሮ ገብተህ ስንት ሰዓት እንደሚያቆዩህ ጠይቅ፣ ከመተኛትህ በፊት ዶክህ ላይ ቁም። ሁለተኛው፣ እውነት ተኝተህ ከነበረና ኦን ዲዩቲ ላይ ረስተኸው ከሆነ ማስታወሻ ጽፈህ ሎጉን (የሰዓት መዝገብህን) ማስተካከል ይፈቀድልሃል። ካልተኛህ ግን እንዳትነካው። መሣሪያው ራሱ የመዘገበውን የመንጃ ሰዓት ደግሞ አንተም ካምፓኒህም ማሳጠር አትችሉም።

አሁን ወደ ፒሲው። ዲስፓቸርህ ግማሽ እውነት ነው የነገረህ። ሺፐር ጋር ሰዓትህ ካለቀና ግቢያቸው አታድርም ካሉህ፣ ጭነህም ቢሆን፣ ካምፓኒህ ፒሲ የሚፈቅድ ከሆነ በፒሲ ወጥተህ ቅርብ ወዳለው ደህና ማረፊያ መሄድ ትችላለህ። ቅርብ ማለት መጀመሪያ የምታገኘው ቦታ ነው። ሎዱን ወደ ሪሲቨሩ (ጭነቱን ወደሚቀበለው) ለማስጠጋት 80 ማይል ከነዳህ ፒሲ አይባልም፣ የውሸት ሎግ ነው።

እኔን የያዙኝ በዚህ ነው። ነብራስካ ከአንድ ቀዝቃዛ መጋዘን ሥጋ ጭኜ ወደ ቺካጎ በኢንተርስቴት 80 መንገድ እየወጣሁ ነበር። ማታ ነው፣ ሰዓቴ አልቋል፣ ዲስፓቸሬ «ፒሲ አድርገህ ትንሽ ጠጋ በል» አለኝ። የአገር ልጅ ነው፣ ሥራውን ያስገባኝም እሱ ነው፣ እምቢ ማለት ከበደኝ። አይዋ ስቴት ስገባ ኢንስፔክሽን ላይ አስቆሙኝ። ኢንስፔክተሩ ሎጌን አየ፣ ካርታውን ከፈተ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ከሺፐሩ እስከዚህ ስንት ትራክ ስቶፕ አልፈሃል?» መልስ አልነበረኝም። አሥር ሰዓት እዚያው አቆመኝ። ሪፈሩ (የተጎታቹ ማቀዝቀዣ) ከኋላዬ ሲጮህ አደረ፣ ዲስፓቸሬ ደግሞ ስልክ አላነሳም። ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ያ ኢንስፔክሽን በፒኤስፒ ሪከርዴ (ቀጣሪዎች በሚያዩት የሾፌር መዝገብ) ላይ ሦስት ዓመት ተቀመጠ፣ ሥራ ባመለከትኩበት ሁሉ እየተነሳ አስረዳሁ።

ስለዚህ በስልክ አትከራከር። በቴክስት «14 ሰዓቴ አልቋል፣ አሁን ብነዳ ሕግ መጣስ ነው» ብለህ ጻፍለት። ይህችን መጻፍህ ትርጉም አላት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካምፓኒም ሆነ ብሮከር (ጭነት የሚያገናኝ ደላላ) ወይም ሺፐር ሕግ እንድትጥስ ሊያስፈራራህ አይችልም፣ ካስፈራራህ በ90 ቀን ውስጥ ለኤፍኤምሲኤስኤ (የትራክ ሕጉን ለሚያስከብረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ማመልከት ትችላለህ። ሕጉ የሚጠብቅህ ግን ጥሰት እንደሚሆን አስቀድመህ ነግረሃቸው ከሆነ ነው። ቴክስቱን አታጥፋው። ቢኦኤሉ (የጭነቱ ወረቀት) ላይም የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት አስጽፈህ አስፈርም፣ የዲቴንሽን (ስላስጠበቁህ የሚከፈል) ክፍያ የሚጠየቀው በእሱ ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። 8 ሰዓት ከነዳህ የ30 ደቂቃ መቋረጥ ያስፈልግሃል፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ሴፕቴምበር ወዲህ ነዳጅ ስትሞላ ወይም ስትጭን የቆምከውም ይያዝልሃል። በ8 ቀን 70 የሥራ ሰዓት ከሞላህ 34 ሰዓት በተከታታይ አርፈህ ሪሴት ታደርጋለህ፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ያልጠበቅከው በረዶ ወይም ጉም መንገድ ላይ ከገጠመህ እስከ 2 ሰዓት ይጨመርልሃል፣ ጠዋት ስትነሳ የምታውቀው በረዶ ግን አይቆጠርም።

ለነገው ሎድህ እንደደረስክ መጀመሪያ ቢሮ ግባ፣ የሚያቆዩህን ሰዓት ጠይቅ። ከሁለት ሰዓት በላይ ካሉህ ዶክህን ያዝ፣ ስሊፐር ላይ አድርገው፣ መጋረጃውን ዝጋና ተኛ። ማታ የምትቆምበትን ደግሞ ከሺፐሩ ሳትወጣ ምረጥ፣ ከጨለመ በኋላ ኢንተርስቴት 80 ላይ ፓርኪንግ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ሎግህ አልገባህ ካለ ፎቶ አንስተህ ስምህንና የካምፓኒውን ስም ሸፍነህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።